የስክሪን ጉድ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ይወጣል

በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ፕሌይስቴሽን ቤት ለመክፈት ያሰበ ወጣት ስክሪኑን ከአዲስ አበባ ከገዛ ካርቶኑን ይዞ የጀማን ሸለቆ መሻገር ይጠብቀዋል። ሱቅ ውስጥ ያልታየ ችግር እዚያ ደርሶ ቢታይ መመለሱ ሌላ ትራንስፖርት፣ ሌላ የባከነ ቀን ነው። ስለዚህ ይሄ ግጥሚያ የመልስ ጨዋታ የለውም፤ ማለቅ ያለበት ሱቁ ውስጥ ነው።

ሻጮች መጀመሪያ የሚጠሩት ሄርዙን ነው። ሄርዝ ማለት ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ነው። በ60 ሄርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ግን ወደ 7 ይወርዳል። ኳሷ ስትበር ብዥታው ይቀንሳል፤ የተጫዋቹ ጣትም ቶሎ መልስ ያገኛል።

ታዲያ ስክሪን ያልተሰጠውን ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 አያልፍም። በ2020 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይሄዳል፤ ያውም ጌሙ ራሱ ከፈቀደ። የአውሮፓ ሊጎች የቀጥታ ስርጭትም ቢሆን በሰከንድ ከ50 ምስል አይበልጥም። ፕሌይስቴሽን 4 ይዞ ለ144 ሄርዝ መክፈል በግንባሩ የሚገጭ አጥቂ ሳይኖር ኳስ የሚያሻማ የክንፍ ተጫዋች እንደማስፈረም ነው። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አንዳንዴ የማስታወቂያ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የፓነሉ የራሱ ሄርዝ ነው።

ፓነሉም ዓይነት አለው። ቲኤን ፈጣን ነው፤ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይበላሻል። ቪኤ ጥቁሩ ድንቅ ነው፤ በጨለማ ትዕይንት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ሊጎትት ይችላል። አይፒኤስ ከጎን ለተቀመጠም ቀለሙን አይለውጥም፤ ጥቁሩ ግን ግራጫ ይመስላል። ተራ ጠባቂው ግራና ቀኝ ለሚደረደርበት ጌም ቤት አይፒኤስ ይሻላል።

ቀሪው ፍተሻ ነው። ላፕቶፕ ሰክቶ ስክሪኑን በአንድ ወጥ ቀለም መሙላት ይበቃል። በነጭ ላይ ጥቁር ሆና የቀረች ነጥብ ካለች ፒክስሏ ሞታለች። ለአንዲት ነጥብ ብለው ዕቃ የማይቀይሩ አምራቾች ብዙ ናቸውና ሳይከፍሉ ማየት ነው። በጥቁር ላይ ደግሞ ከጠርዝ ብርሃን ያፈስ እንደሆነ ይታያል። ቆሞ ቦታ ሲቀይሩ ብርሃኑም አብሮ ከተለወጠ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን የፓነሉ ጉድለት ነው።

ለኳስ ወዳጅ ዋናው ፈተና አረንጓዴው ነው። ካሜራው ሜዳውን ተከትሎ ሲዞር የቆሸሸ መስታወት የሚመስል ጥላ ሣሩ ላይ ቆሞ ከቀረ ፓነሉ ወጥ አይደለም። ጨርቅ አያጠራውም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ፈተናውን ያለፈ ስክሪን መኪና ላይ ሲጫን ይቁም እንጂ አይተኛ፤ ከላዩም ምንም አይጫንበት።