ማን ነገራቸው?

ፖሊስ የአንዲትን ልጅ ሠርግ ሊያስቆም ከጭሮ ወይም ከሂርና ወደ ገጠር ቀበሌ ሲወጣ፣ ከሄደ በኋላ መንደሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ማን ነገራቸው?» መልሱ ሩቅ አይደለም። የልጅቷን ዕድሜ በመዝገብ የሚያውቅ፣ ከክፍል መቅረቷን ያየ፣ የወረዳ ስልክ ቁጥር የያዘ ሰው በቀበሌው ከሦስት አራት አይበልጥም፤ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ፣ በየስብሰባው «ባለሙያዎች ለምን አይጠቁሙም?» ሲባል ይሰማል። እኔ ግን ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። የጠቆመ ሰው ከጀርባው ምን አለ?

ሕጉን እንየው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንም ሰው ወንጀልን የመጠቆም መብት እንዳለው ይናገራል፤ ግዴታው ግን ሕግ ለይቶ ባስቀመጠው ጉዳይ ብቻ እንደሆነ ይጨምራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 ግዴታውን በዋናነት የጣለው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ነው። ያውም «ለሚያውቅ» እንጂ ለሚጠረጥር አይደለም። ሌላ ሕግ ወይም ደንብ ያስገደደው ሰው ካላሳወቀ እንደሚቀጣም ይኸው አንቀጽ ይጠቅሳል።

ከዚህ ጎን ያለዕድሜ ጋብቻን አስቀምጡት። በአንቀጽ 648 መሠረት ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ነው። የዕድሜ ልክ ነገር የለበትም፤ ስለዚህ የአንቀጽ 443 ጠቅላላ ግዴታ አይነካውም። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አይደርስለትም፤ አዋጁ የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ነውና። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው አግብተው ነበር። በብዛት የሚፈጸመው ወንጀል፣ ጠቋሚው ብቻውን የሚቆምበት ወንጀል ነው ማለት ነው።

ነርስና ሐኪም ደግሞ ሌላ አጣብቂኝ አለባቸው። የሙያ ምስጢር ማውጣት በዚያው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 399፣ ያስቀጣል። «ለፖሊስ ብደውል እኔው እከሰሳለሁ?» ብሎ የሚፈራ ነርስ ሕግ አያውቅም ብዬ አልስቅበትም።

ደግሞ ቃሉ። «ጠቋሚ» በአማርኛ ንጹሕ ቃል አይደለም፤ የደርግን ዘመን ቀበሌ ያየ ሰው ጆሮው ላይ ሌላ ነገር ያንኳኳል። በዚህ ቃል መምህርን ማሠልጠን ከመጀመሪያው ማሸማቀቅ ነው።

አንድ መምህር ምን እንደሚያይ አስቡት። ዒድ ሳይደርስ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇ ሂና ተቀብታ ትመጣለች። ጓደኞቿ ይንሾካሾካሉ። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነው። ለቀበሌ ደብዳቤ ይጻፍ ቢባል፣ ማህተም የሚመታው ሰው የሙሽራው አጎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ይቀርና ወረዳ ላለ ለሚያምኑት ሰው ስልክ ይደወላል፤ «ስሜን እንዳታነሳ» ተብሎ። ጥቆማው የትም አይመዘገብም። ጉዳዩ ቢጠፋ የሚጠየቅ አይኖርም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገር ይብሳል። ፕሮግራሙ ሲነደፍ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢው እንዲመለመሉ የተደረገው ሕዝቡ እንዲያምናቸው ነበር፤ ሠርቷልም። ያው እምነት ግን አፍ ያሲዛል፤ የምትጠቁምበት ቤት የአክስቷ ሊሆን ይችላል፣ ነገም ሕፃን ልታስከትብ እዚያው ደጃፍ ትቆማለች።

ፋይል ከተከፈተ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ስለማይኖር የዕድሜ ምርመራ ሆስፒታል ይታዘዛል። ያ እስኪመጣ ጃርሳዎች፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ይቀመጣሉ። ጃርሱማ፣ የሽማግሌ እርቅ፣ በዚህ አገር የተከበረ ነገር ነው፤ ደም ያደርቃል፣ ጎረቤት ያስታርቃል። በልጅ ጉዳይ ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ካሳ ተቀብለው ሲጨባበጡ ምስክር ቃሉን ያጥፋል፣ ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁሉም ታርቋል። ያልታረቀው የደወለው ሰው ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለተደበደቡ ሕፃናት ከጻፉ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በአምስት ዓመት ገደማ ሁሉም ግዛቶች የማሳወቅ ሕግ አወጡ። ለእኛ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ይመስለኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 110 መምህሩን፣ ነርሷን፣ ሐኪሙን በስም ዘርዝሮ ያስገድዳል፤ እዚያው ላይ በቅን ልቦና ያሳወቀ ሰው በፍትሐ ብሔር እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ግዴታና ከለላ ባንድ አንቀጽ።

ጭሮ ላይ ግን አዋጅ ሳይጠበቅ የሚሠራ ነገር አለ። ጥቆማው በአንድ መምህር ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ስም፣ በቀበሌ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለዞን ቢሄድ፣ ቁጥርና ቀን ቢኖረው፣ ጃርሳዎቹም የመምህራን ሥልጠና ላይ ቢጠሩ፣ «ማን ነገራቸው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ አያርፍም።

ለጊዜው ያለው መውጫ ዝውውር ነው። ጠቁሞ መኖር ያቃተው መምህር ማመልከቻ ያስገባል፤ ምክንያቱ ላይ «የቤተሰብ ችግር» ብሎ ይጽፋል።