ተረትና እውነታ፦ «ለልጄ ሶሻል ምን ያደርግለታል?»

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ ወደ ደቡብ ሲወርድ የምትገኘውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲያወሩ ጭንቀቱ ሁሉ ሒሳብና ሳይንስ ነው። ሶሻል (ማኅበራዊ ትምህርት) የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለመናቅ ነው። የንቀቱ ምንጭ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያሉት እምነቶች እዚህ አገር ልጆቻችንንም እኛንም ይጎዳሉ።

«ሶሻል የሰነፍ ተማሪ ነው»

አባባሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። አገር ቤት ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲደርስ ናቹራልና ሶሻል ተብሎ ይለያል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ቦታዎች 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ደለደለ። ይህን ያየ ወላጅ ሶሻልን ሌላው ሞልቶበት የተረፈ ልጅ የሚገባበት አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መለያየት የለም። መሐንዲስ ለመሆን የሚያልመውም፣ ጠበቃ ለመሆን የምታልመውም ሃይስኩል ለመጨረስ ሦስት ዓመት ማኅበራዊ ትምህርት መማር ግዴታቸው ነው፦ የዓለም ታሪክ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ ግማሽ ዓመት የመንግሥት አወቃቀርና ሲቪክስ፣ ግማሽ ዓመት ኢኮኖሚክስ። ብዙ ወላጅ የሚመኛቸው ዩሲኤልኤና በርክሌይ ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ከአመልካች የሚጠይቃቸውን ትምህርቶች ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በፊደል ዘርዝሯል። «ኤ» ብሎ የሚጀምረው በታሪክና በማኅበራዊ ሳይንስ ነው። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቦርድም ይህ ዝርዝር የምረቃ መስፈርት እንዲሆን በ2005 ወስኗል።

መስፈርቱ ብቻውን ግን ማንንም አያሳምንም። ጥሩ የታሪክ መምህር ስለ አንድ ክስተት የሚቃረኑ ሁለት ሰነዶችን ልጆቹ ፊት አስቀምጦ ይጠይቃል፦ ማን ጻፈው? በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው? እንድናምነው የፈለገው ለምንድን ነው? ልጃችን ሐኪምም ሆነ ሹፌር፣ ዜጋ ከሆነ አንድ ቀን የጁሪ መጥሪያ ይደርሰዋል። ከተመረጠም ከማያውቃቸው 11 ሰዎች ጋር በር ተዘግቶበት በአንድ ተከሳሽ ነጻነት ላይ ይወስናል። ማስረጃ መመዘንን፣ ያልተስማማውን ሰው ሳያቋርጥ ሰምቶ መልስ መስጠትን የት ተምሮ ነው እዚያ የሚቀመጠው?

«ሲቪክስ የመንግሥት ስብከት ነው»

ይህን የሚሉት የራሳቸውን ትምህርት ቤት የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው። በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት ማለት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ በ11 እሴቶች ተከፋፍሎ በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ይጀምር ነበር፤ ያንን ምዕራፍ የሸመደደው ተማሪ ግን ከክፍል ውጭ ባለሥልጣንን መጠየቅ ምን እንደሚያስከፍል አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ ከዩኔስኮ ተሸልሟል። ፊደል የቆጠረው ገበሬ ግን መንግሥቱን የሚተች ጋዜጣ አላገኘም፤ መሪውንም አልመረጠም። ስለዚህ «ትምህርት ከተስፋፋ ዴሞክራሲ በራሱ ይመጣል» የሚለው እምነትም ከተረቶቹ አንዱ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ከመንግሥት ስብከት ለተማሪው የሰጠው መከላከያ አለ። በ1943፣ ያውም አገሪቱ ጦርነት ላይ ሳለች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማንም ተማሪ ለባንዲራ ቃል እንዲገባ አይገደድም ብሎ ወሰነ፤ አቤት ባዮቹ የዌስት ቨርጂኒያ የይሖዋ ምስክሮች ቤተሰቦች ነበሩ። በ1969 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ የአዮዋ ተማሪዎች ረቱ። ከእነሱ አንዷ ሜሪ ቤት ቲንከር ጨርቁን ስታስር ገና 13 ዓመቷ ነበር።

ሕግ መኖሩ ግን ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነበሩ ማለት አይደለም፤ ለዚህ ምስክሩ ራሷ ሎስ አንጀለስ ናት። በማርች 1968 በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎች ከጋርፊልድ፣ ከሩዝቬልት፣ ከሊንከንና ከሌሎች ሃይስኩሎች ክፍላቸውን ጥለው ወጡ። ስፓኒሽ በመናገራቸው መቀጣታቸው እንዲቀር፣ የሕዝባቸው ታሪክ እንዲሰጥ፣ ወደ እጅ ሥራ ብቻ መገፋታቸው ቀርቶ ኮሌጅ የሚያስገባ ትምህርት እንዲያገኙ ጠየቁ። ከጎናቸው የቆመው የሊንከን የማኅበራዊ ትምህርት መምህር ሳል ካስትሮ ታሰረ፤ ከማስተማርም ታገደ። ወላጆችና ተማሪዎች ትምህርት ቦርዱ አዳራሽ ገብተው አንወጣም ብለው ሰነበቱ፤ ወደ ክፍሉም አስመለሱት። ኋላ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ እሱ በሕይወት ሳለም አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። ለእኔ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በላይ ሲቪክስን የሚያስረዳው ይህ ታሪክ ነው። ከቤታችን በመኪና ብዙ በማይርቅ ሰፈር የተፈጸመ ነውና ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

«ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፤ እኔን አያገባኝም»

መምህርን ማክበር ከቤተሰብ የወረስነው መልካም ነገር ነው፤ ልንተወው አይገባም። ሆኖም ወላጅና መምህር ሳይጠየቁ የተሠራ ፖሊሲ ምን እንደሚያስከትል አገር ቤት በ1966 ዓ.ም. አይተናል። «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ በመቃወም መምህራን በየካቲት ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። አብዮቱ ከፈነዳባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነበር።

በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርዱን ሰባት አባላት የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ስብሰባውም ክፍት ነው። እንግሊዝኛን ገና የሚማሩ 21 ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ያሉበት ማንኛውም የካሊፎርኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤት የወላጆቻቸውን አማካሪ ኮሚቴ ማቋቋም አለበት። እዚያ ለመቀመጥ ዜግነት አያስፈልግም፤ ወላጅ መሆን ይበቃል። ልጅ ለማስመዝገብማ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ አይጠየቅም፤ የ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወረቀት የሌላቸውንም ልጆች ይሸፍናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2016 ዜጋ ላልሆኑ ወላጆች በትምህርት ቦርድ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ፈቅዳለች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለቦርዱ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው። የሌላውን ከተማ ሰምቶ እዚህ ለመራጭነት የሚመዘገብ የግሪን ካርድ ባለቤት ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያጣ፣ ከአገር ሊባረርም የሚችልበት ጉዳይ ነው።

«የእኛ ታሪክ እዚያ የለም»

ጥቂት ነው፤ የለም ማለት ግን ልክ አይደለም። የስቴቱ የ10ኛ ክፍል የታሪክ መመዘኛ ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን በ1930ዎቹ ያካሄዱትን የግዛት ማስፋፋት እንዲነጻጸር ያዛል። የጣሊያን ዋነኛ ዒላማ በ1935 የተወረረችው ኢትዮጵያ ናት። የዓድዋ ቂም፣ የመርዝ ጋዙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቫ ያደረጉት ንግግር ሁሉ ከዚያ መስመር ሥር ይገባል፤ መምህሩ ካሰፋው በሰፊው፣ ካጠበበው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ልጅ 10ኛ ክፍል ያላችሁ፣ ምዕራፉ መቼ እንደሚደርስ መምህሩን ጠይቁ። የአርበኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆኑ አዛውንት ዘመድ ካሏችሁ ልጁ ቃላቸውን በስልኩ ቀርጾ፣ ተርጉሞ ይዞ ይሂድ፤ የቤተሰብ ቃል መጠይቅን እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚቀበሉ መምህራን ብዙ ናቸው። ከታሪኩ ክፍል ባሻገርም፣ ልጁ ዜጋ ከሆነና 16 ዓመት ከሞላው፣ ካሊፎርኒያ ከ18 ዓመቱ በፊት ለመራጭነት አስቀድሞ እንዲመዘገብ ትፈቅድለታለች።