ስሙን ሳትጠይቁ አትትከሉ

ለጓሯችን የሚስማማውን የአፕልና የፒር ዝርያ ስለ መምረጥ



አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ቀረቡና፣ «ልጄ፣ በግ ሸጬ ጥቂት ገንዘብ ይዣለሁ። የጓሮዬን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ አፕል ልተክልበት አስቤያለሁ። አንቺስ ተክለሽ የለም እንዴ? የቱን ልግዛ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ደስ ቢያሰኘኝም አፌን ሞልቼ ለመመለስ አፈርሁ። የእኛ አፕል ስድስት ዓመት ሙሉ ከቅጠል በቀር ያሳየን ነገር አልነበረምና።

እናታችን የሰሙት የጨንቻን ነገር ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1950ዎቹ ወንጌልን ይዘው ወደ ጋሞ ደጋ የሄዱ ሚስዮናውያን በዚያ አፕል ተክለው ነበር። ዛሬ ጨንቻ ሲነሣ አፕል አብሮ ይነሣል፤ ችግኙም ከዚያ ወደ ሌሎች ደጋ አገሮች ተሠራጭቷል። ታዲያ በጨንቻ ያፈራ በደብረ ታቦር ለምን አያፈራም?

ባለቤቴ የእኛን ችግኝ ገዝቶ ሲያመጣ ስሙን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። «አፕል ነው» መባሉ በቂ መስሎን ነበር። ውኃ አጠጣነው፣ ፍግ አደረግንለት፣ ጸለይንበትም። በስድስተኛው ዓመት ባለቤቴ ምሳር አንሥቶ ወጣ። እኔ በዚያው ሳምንት ለእኅቶች ኅብረት በሉቃስ 13፥6-9 ላይ ያለውን የበለሱን ምሳሌ አዘጋጅቼ ስለ ነበር፣ «እባክህ፣ አንድ ዓመት ብቻ ተወው» አልሁት። ሳቀና ምሳሩን አስቀመጠ።

በኋላም የግብርና ሙያ ያለው አንድ ወንድም መጥቶ ዛፉን አየና ሁለት ነገር ጠየቀን፦ «ስሙ ማን ነው? ጓደኛውስ የት አለ?» ሁለቱንም መመለስ አቃተን።

ስሙ ለምን ያስፈልጋል?

አፕልና ፒር ብርቱ ብርድ ካለበት አገር የመጡ ዛፎች ናቸው። በብርዱ ወራት ቅጠላቸውን አርግፈው ይተኛሉ፤ ብርዱን ካልጠገቡ ግን በደንብ አይነቁም፣ አበባቸውም ይሳሳል። ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነውን ሰዓት ነው። ሬድ ዴሊሽየስ የተባለው ዝርያ ወደ 800 ሰዓት፣ ጎልደን ዴሊሽየስ ደግሞ ከ600 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። አናና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ግን ከ300 ሰዓት ባልበለጠ ብርድ ያብባሉ። አና በእስራኤል አገር የተዳቀለ ነው፤ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ውርጭ በማያውቁት በባሃማስ ደሴቶች የተገኘ ነው።

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንና የጉና ነፋስ ቢያንዘፈዝፈንም፣ የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ስለዚህ ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዝርያ መምረጥ ይሻለናል። በነፋስ መውጫ በኩል ያላችሁ ብርዳችሁ ከእኛ ስለሚበልጥ ምርጫችሁ ሰፋ ይላል። በፎገራ ሜዳ የምትኖሩ ግን በአፕል አትድከሙ፤ ማንጎ ይሻላችኋል።

ጓደኛውስ?

አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ የአበባ ብናኝ ብቻ በደንብ አያፈራም። በአንድ ሰሞን የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአቅራቢያው ይፈልጋል፤ ብናኙንም ንብ ታመላልሳለች። ሁለት አና ጎን ለጎን መትከል አይጠቅምም፤ ሁለቱም ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ የተወሰዱ ናቸውና። አናን ከዶርሴት ጎልደን ጋር ትከሉ። አበባ በያዙ ጊዜም የተባይ መድኃኒት አትርጩ፤ ንቢቱን ትገድላላችሁ።

ፒር የምትወዱም ሕጉ ያው ነው። ባርትሌት የሚባለው ዝነኛ ፒር ብዙ ብርድ ስለሚፈልግ ለእኛ ጓሮ አይመከርም። ሁድና ፍሎርዳሆም የተባሉት ጥቂት ብርድ ይበቃቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይረዳዳሉ። አፕል ግን ለፒር ጓደኛ አይሆነውም። ፒር ሲደርስ ገና ጠንካራ ሳለ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ይበስላል፤ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ከተጠበቀ መካከሉ ይበላሻል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ከፍሬው ዘር አታብቅሉ፤ ልጁ እናቱን አይመስልም፣ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይፈጃል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም የታወቀ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ አፕል ሥር ላይ የተጣበቀበትን ግዙ። የሥሩንም ስም ጠይቁ። ኤም ኤም 106 የተባለው ዛፉን አጠር አድርጎ ስለሚይዝ ለጠባብ ጓሮ ይመቻል፤ ነገር ግን ውኃ በሚቋጥር ዋልካ አፈር ላይ ግንዱ ከሥሩ ይበሰብሳል። ኤም ኤም 111 ዛፉን ከፍ ያደርገዋል፤ ድርቅንም በተሻለ ይችላል።

ውኃ የማይተኛበትን ተዳፋት ምረጡ። ውርጭ ወደ ጎድጓዳ ስፍራ ስለሚወርድ በዚያ ያለውን አበባ ያቃጥለዋል። ከባሕር ዛፍም አርቁ፤ ውኃውን ይሻማባችኋል። በችግኞቹ መካከል ከ3 እስከ 4 ሜትር ተዉ። የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር፤ ከተቀበረ ራሱ ሥር ያወጣና የታችኛው ሥር ጥቅም ይቀራል። በእኛ አገር ቅጠሉ በራሱ ፈጽሞ ካልረገፈ ደግሞ፣ ደርሶ የጠነከረውን ዛፍ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በእጅ እያራገፉ ማስተኛት በሞቃት አገሮች ደጋ ላይ የታወቀ ዘዴ ነው።

የእኛ ዛፍ መጨረሻ

ያ ወንድም ዛፋችንን ከሥሩ አልቆረጠውም። ክንዶቹን ከርክሞ የአና ቅርንጫፍ አጣበቀበት፤ በአጠገቡም ዶርሴት ጎልደን ተከልን። በሦስተኛው ዓመት ከዚያው ግንድ ፍሬ በላን። ሮሜ 11ን በኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ጓሮዬ ውስጥ ነው።

እኔ ዛፉን «መካን» ብዬው ነበር። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር፤ ማንነቱን ሳናውቅ፣ ብቻውን አቁመን፣ በየዓመቱ ፍሬ ጠየቅነው። በቤታችንና በማኅበራችንስ እንዲህ ያደረግነው ሰው የለም ይሆን? ምሳር ከማንሣታችን በፊት ቀርበን ስሙን እንጠይቅ፤ ጓደኛም እንስጠው።

እናታችንም አንድ አናና አንድ ዶርሴት ጎልደን ገዙ። ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ግን ስሞቹን በቆርቆሮ ላይ ጽፎ በየችግኙ አንጠልጥሎላቸዋል። በደጃቸው ሳልፍ ይጠሩኝና፣ «አና ደኅና ናት። ዶርሴት ግን ትንሽ ጠውለግ ብሏል፤ ጸልዪለት» ይሉኛል። እጸልያለሁ፤ ውኃም እንዲጨምሩለት እነግራቸዋለሁ።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።