የወፍ በሽታና የነፍሰ ጡር እናቶች አደጋ በርብ ዳርቻ

ከወረታ ተነስቶ ርብን በመሻገር ይፋግ የሚደርስ መንገደኛ በክረምት የሚያየው ሁሉ ውሃ ነው። የፎገራን ሜዳ ሩዝ አብቃይ ያደረገውም ይኸው ውሃ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ሜዳ ላይ የተጣለው ዓይነ ምድር ታጥቦ ከምንጩና ከጉድጓዱ ይገባል።

ከዚህ ከሚመጡት ጠንቆች አንዱ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ነው። ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይላል። የሌሊት ወፏ ግን በዚህ የለችበትም። በሽታው የጉበት ሲሆን፣ በውሃ ከሚተላለፉት መካከል ሄፓታይተስ ኢ የተባለው ቫይረስ በነፍሰ ጡሮች ላይ ይከፋል። ሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ታሞ ይድናል። በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት የያዛት እናት ግን ጉበቷ በድንገት ሊደክም፣ ፅንሱም ሊጨናገፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በነዚህ ወራት ከሚያዙ 100 እናቶች ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ስላለው የቫይረስ ጉበት በሽታና በእርግዝና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው በሽታ በጋምቤላ የስደተኞች ጣቢያዎች በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር።

የገበሬ ማኅበር መሪ ሐኪም አይደለም። የመጸዳጃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈርና የውሃ ጉድጓዱ እንዲታጠር የሚወሰነው ግን እሱ በሚመራው ስብሰባ ነው። መጸዳጃው ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። በፎገራ ሜዳ ቁልቁለት ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። በዚህ ምክንያት ጎርፍ በሚተኛበት ሰፈር ዋናው ነገር የመጠጥ ውሃን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ነው። ማገዶ ባጠረበት ቤት የነፍሰ ጡሯ ውሃ ይቅደም።

በሽታው የሚታየው የተበከለው ውሃ በተጠጣ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ በመሆኑ፣ የነሐሴ ጎርፍ ጠንቅ በመስከረምና በጥቅምት ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ዓይኗ ቢጫ የሆነ፣ የምታስመልስ ወይም የምትቃዥ ነፍሰ ጡር መተኮስም ሆነ ሥር መጠጣት የለባትም። ወባም ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ፣ ፅንስም ሊያስወርድ ስለሚችል ደሟ ይመርመር። መንገዱ በውሃ በሚቆረጥበት ቀበሌ ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች ክረምት ሳይገባ ተመድበው ይጠብቁ።