ጎረቤትን ያዳነ የጨጓራ መድኃኒት እኛን ለምን አያድንም?



ጨጓራ ሲያቃጥልና ሲያቅለሸልሽ በየሰፈሩ የተለመደ ምክር አለ። «እገሊትን ያዳናት ኪኒን ተርፎኛል፤ እንቺ፥ ይህን ዋጪ» ይባላል። አሳቡ የደግነት ነው። ነገር ግን ይህ ደግነት ብዙ ጊዜ ሕመሙን ያቆየዋል እንጂ አያድንም። ምክንያቱን እንግለጽላችሁ።

የጨጓራ ሕመም ሁሉ ከበርበሬ የመጣ አይደለም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምትባል በዓይን የማትታይ ተሐዋሲ በጨጓራ ግድግዳ ላይ ትኖራለች። ያገኟት በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፥ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ናቸው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1982 ነበር፤ ስለዚህም ሥራ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችንም ብዙ ሰው ሳያውቃት በጨጓራው ይዟት ይኖራል። በአንዳንዱ ግን ጨጓራውን ታቆስላለች፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ካንሰር ልታመጣ ትችላለች።

እስቲ ጤፍን ተመልከቱ። ሁሉም ጤፍ ነው፤ ግን ነጭ አለ፥ ቀይ አለ፥ ሰርገኛም አለ። ይህችም ተሐዋሲ ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያዋ ብዙ ነው። አንዱ ዝርያ ጨጓራን አብዝቶ ይጎዳል፤ ሌላው ቀለል ይላል። አንዱ በመድኃኒት ቶሎ ይሞታል፤ ሌላው ያንኑ መድኃኒት ይቋቋማል። በአንድ ሰው ጨጓራ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ዝርያ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ የጎረቤት ኪኒን ለእናንተ ላይሠራ የሚችለው ስለዚህ ነው።

መድኃኒት የሚቋቋመው ዝርያ እንዴት ይበዛል? ድርቅ ሲመጣ ደካማው ማሽላ ይደርቃል፤ ጠንካራው ተርፎ ለዘር ይቀራል። «ተሽሎኛል» ተብሎ ኪኒን በሦስተኛው ቀን ሲቋረጥም እንዲሁ ነው። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ጠንካሮቹ ይራባሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ኪኒንም ያለ ምርመራ «ለአሜባ ነው» እየተባለ ሲዋጥ፥ የጨጓራዋ ተሐዋሲ ትለምደዋለች። በኋላ ለጨጓራ ሲታዘዝ ኃይሉ ይደክማል።

ስለዚህ ሐኪም የሚያዝዘው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተሐዋሲ ገዳይ መድኃኒት ከአሲድ መቀነሻ ጋር፥ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ነው። አንዱ የሳተውን ሌላው ይመታዋል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ሕመሙ ከተደጋገመ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከዚህ በፊት የዋጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው ይህን ሰምቶ ነው።

2ኛ/ የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ፍሬ ጨርሱ። አፍ ቢመር ወይም ቢያቅለሸልሽ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሰውነት ቢያሳክክና ቢያብጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግር ግን መዋጡን ትታችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

3ኛ/ የራሳችሁን ኪኒን ለሌላ ሰው፥ ይልቁንም ለልጅ አትስጡ።

4ኛ/ መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ እንደገና ተመርመሩ። ሕመሙ ጠፋ ማለት ተሐዋሲዋ ሞተች ማለት አይደለም እኮ።

5ኛ/ ተሐዋሲዋ ብዙውን ጊዜ በልጅነት፥ በቤተ ሰብ መካከል፥ ከአፍ ወደ አፍ ወይም ከሰገራ ወደ አፍ ትተላለፋለች። ስለዚህ ከሽንት ቤት ስትመለሱና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ። ለሕፃን በአፋችሁ አላምጣችሁ አታጉርሱ።

ደም የሚያስታውከው ወይም ሰገራው እንደ ከሰል የጠቆረ ሰው ቢኖር ግን ጊዜ አትፍጁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱት።

ደግነታችሁ አይቅር። ጎረቤታችሁ ስትታመም ግን ኪኒን ከምትሰጧት ይልቅ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራችኋት ሂዱ።