በፖከር ጨዋታ የተራ ጥቅም፤ ለጀማሪዎች የቀረበ መግለጫ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በላፍቶ ሰፈር የምንኖር ጥቂት ተማሪዎች በክረምት ማታ እየተሰበሰብን ካርታ እንጫወታለን። ኮንከርን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ፖከር ግን ለአብዛኞቻችን አዲስ ነው። መያዣችን ሽምብራ ስለ ሆነ የበላውም የተበላውም በመጨረሻ አብሮ ቆርጥሞት ይለያያል። ከመካከላችን አንዱ ግን ጨዋታውን በሚገባ ሳያውቀው ሌላ ቦታ ሄዶ በገንዘብ ተጫወተና የወሩን የቤት ኪራይ ተበልቶ ተመለሰ። ስንጠይቀውም «ዕድሌ ጠማማ ሆነብኝ እንጂ ካርታውስ መጥፎ አልነበረም፤ ነገ አስመልሳለሁ» አለን። ይህ ጽሑፍ ያን ንግግር ለመመርመር የቀረበ ነው። ሐሳቡም ባጭሩ ይህ ነው፤ በፖከር የካርታው ማማርና አለማማር ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ካርታውን የያዘው ሰው በስንተኛው ተራ እንደሚናገርም ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የጨዋታውን ሥርዐት እንመልከት። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዐይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። ቀጥሎም አምስት ካርታዎች በመሀል ይገለጣሉ፤ እነዚህም በመጀመሪያ ሦስት፥ ከዚያ አንድ፥ በመጨረሻም አንድ እየሆኑ ነው። ተጫዋቾቹ አራት ጊዜ ያስይዛሉ። በየጊዜውም አንድ ሰው ተራው ሲደርስ ካርታውን ይጥላል፥ ወይም ሌላው ያስያዘውን ያህል ያስይዛል፥ ወይም ይጨምራል፤ ከእርሱ በፊት ያስያዘ ከሌለም ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ከአዳዩ በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ በግዴታ ጥቂት ያስይዛሉ። በመጀመሪያው ዙር ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ይጀምራል። በቀሩት ሦስት ዙሮች ግን ንግግሩ ከአዳዩ ግራ ተነሥቶ በአዳዩ ያበቃል። የአዳይነቱም ቦታ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው አንድ አንድ ሰው ወደ ግራ ይዛወራል።

በመጨረሻ መናገር ያለው ክብደት ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1762 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲጽፍ፥ በሸንጎ አስቀድመው ሐሳባቸውን የሚሰጡት በማዕረግ ዝቅ ያሉት እንደ ነበሩ፥ ከዚያም ወደ ታላላቆቹ እየወጣ የንጉሡ ቃል በቃለ ዐፄው አፍ በመጨረሻ ይሰማ እንደ ነበር ይነግረናል። የዚህ ሥርዐት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ንጉሡ ደግሞ የሁሉንም ከሰማ በኋላ ይፈርዳል። በፖከር ይህ የመጨረሻ ቦታ ለአንድ ጨዋታ ያህል ለአዳዩ ይሰጣል።

በሀገራችን ሰንጠረዥም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። በጥንታዊው አጨዋወት «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈቀዱ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ስለዚህም ዐዋቂ ተጫዋች እጁን በሰሌዳው ላይ፥ ዐይኑን ግን በባላጋራው እጅ ላይ ያደርጋል፤ ያ ሲለውጥ እርሱም ይለውጣል። በሰንጠረዥ በዐይንና በእጅ ፍጥነት የሚፈለገው የኋለኛ ቦታ በፖከር በሥርዐት ተወስኖ በተራ ይታደላል።

አሁን ጥቅሙን በቁጥር እንመርምር። ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። የአንድ ሰው ሁለት ካርታዎች ጥንድ የመሆናቸው ዕድል ከ17 አንድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ካርታ ምንም ብትሆን ከቀሩት 51 ካርታዎች ጥንዷ የምትሆነው 3 ብቻ ናትና። በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ የሚናገረው ሰው ገና ያልተናገሩ አምስት ሰዎች ከኋላው አሉ፤ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ ጥንድ የመያዙ ዕድል ከ100 ወደ 26 ይጠጋል። ከአዳዩ በፊት ያሉት ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ ግን አዳዩ የሚፈራው ሁለት ሰዎችን ብቻ ስለ ሆነ ይኸው ዕድል ወደ 11 ይወርዳል። ስለዚህ አስና 10 የያዘ ጀማሪ በመጀመሪያው ቦታ ቢጥላቸው ይሻለዋል፤ በአዳዩ ቦታ ሆኖ ሌሎቹ ከጣሉለት ግን ሊጨምርባቸው ይገባል። ካርታዎቹ ያው ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ተለውጧል።

ሁለተኛው ጥቅም ካርታ ከተገለጠ በኋላ ይታያል። በእጅህ ንጉሥና 9 አለ፤ በመሀል ንጉሥ፥ 8 እና 3 ተገልጠዋል፤ የተጠራቀመው 12 ሽምብራ ነው፤ ተጋጣሚዎችህም ሁለት ናቸው። ቀድመህ የምትናገር ከሆንህ 6 አስይዘህ ከኋላህ ያለው ወደ 20 ሊያሳድግብህ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ 6ቱን ትተህ መውጣት ወይም በጨለማ መከተል ግድ ይሆንብሃል። ብታልፍ ደግሞ ሁሉም አልፈው ደካማው የሚቀጥለውን ካርታ በነጻ ያያል። መጨረሻ የምትናገር ከሆንህ ግን ሁለቱም ሲያልፉ አይተህ ታስይዛለህ፤ አንዱ አስይዞ ሌላው ከጨመረበትም አንዲት ሽምብራ ሳትጨምር ትጥላለህ። ካርታህ ገና ያልሞላ ቢሆንና ሁለቱም ቢያልፉ፥ አንተም አልፈህ የሚቀጥለውን ያለ ክፍያ ታያለህ።

እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስተውን አንድ ነገር ማመልከት ይገባል። በግዴታ ያስያዙት ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ይናገራሉ፤ ስለዚህም ቦታቸው መልካም ይመስላል። ነገር ግን በቀሩት ሦስት ዙሮች ቀድመው የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። «አንዴ አስይዤበታለሁ» ብሎ መጥፎ ካርታ ይዞ መግባት በጠፋው ላይ መጨመር ነው።

በመጨረሻ መናገር ድልን ያረጋግጣል ማለት ግን አይደለም፤ መልካም ካርታ ለማንም በማንኛውም ቦታ ሊወጣ ይችላል። ተራው የሚሰጠው ዕውቀትን ነው። ዕውቀቱም በጥቂት ጨዋታ ላይታይ ይችላል፤ በብዙ ጨዋታ ግን ይታያል። ቦታው በየጨዋታው ስለሚዞር አዳይነት ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ በቦታ ማንም አልተበደለም። የሚለያዩት በኋለኛው ቦታ ብዙ ካርታ፥ በፊተኛው ቦታ ጥቂት ካርታ የሚጫወት ሰውና በሁሉም ቦታ አንድ ዐይነት የሚጫወት ሰው ናቸው። የኋለኛው ሰው ኪሳራውን ዕድል ብሎ ከጠራው የሚያቆምበት ምክንያት አያገኝም፤ ዕድል ነገ ይለወጣል ብሎ ያምናልና።

ያን ጓደኛችንን ገንዘቡን የተበላበትን ጨዋታ እንዲነግረን በሌላ ቀን ጠየቅነው። የያዛቸውን ካርታዎች አንድ በአንድ ቆጠረልን፤ በስንተኛው ተራ ይናገር እንደ ነበር ግን አላስታወሰም።