ጨሞው ይጠጣ፤ ግን መቼና ለማን?

አዲስ አበባ ላይ ቡና ሲባል የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በጀበና ወደሚፈላው። ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ ማሻ ወይም ቦንጋ አካባቢ ያደገ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የቡናን ጣዕም መጀመሪያ የሚያውቀው ከቅጠሉ ነው። ከፋዎችና ሸካዎች ጨሞ ይሉታል፤ ስሙ በጎረቤቶቻቸውም ዘንድ ስለተለመደ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። ማጃንጎች ካሪ ይሉታል። ወደ ወላይታ ሲሻገሩ ሃይታ ቱኬ ይሆናል፤ ሃይታ ቅጠል፣ ቱኬ ቡና ማለት ነው። ሐረሮች በወተት የሚጠጡት ቁጢም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። የእነሱ ለስለስ ያለ፣ የእኛ ደግሞ ምላስ የሚያቃጥል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ “ሲስተር፣ ጨሞ ፅንሱን ይጎዳዋል ወይ?” የሚል ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጠያቂዎቼ አያቶች ሆነዋል። ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ወይም ምራታቸው “እማዬ፣ ለልጁ እንዳትሰጪው” ስትላቸው ይከፋቸዋል። “እናንተንስ በምን አሳደግን?” ነው መልሳቸው። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ስላለ፣ ዛሬ ስለ አሠራሩም ስለ ጤናውም አንድ ላይ ላውራ።

አሠራሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ “ትክክለኛው የኔ ነው” የማትል ባለሙያ አላጋጠመችኝም። ቅጠሉ ከጓሮ ቡና ላይ ይለቀማል። አስተዋይ ሴት ፍሬ የሚይዘውን ቅርንጫፍ አትገፍም፤ ከግንዱ ሥር የሚወጡትንና ለማንኛውም መቆረጥ ያለባቸውን ትርፍ ቡቃያዎች ትወስዳለች። ቅጠሉ ታጥቦ ምጣድ ላይ ለብ ለብ ይደረጋል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከምድጃው በላይ አንጠልጥሎ ያደርቀዋል። ከዚያ በእጅ ይፈረፈራል ወይም በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ውሃ በተጣደበት ድስት ውስጥ ተጨምሮ ደህና አድርጎ ይንተከተካል።

ጨሞን ጨሞ የሚያደርገው ግን ቅመሙ ነው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ ወይም አረንጓዴ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ እንደ ቤቱ አቅምና ልማድ ኮረሪማ ወይም ጥምዝ ይገባበታል፤ ጨውም አለ። አገሩ የቅመም አገር ነው። ኮረሪማውና ጥምዙ ከጫካ ይመጣል፤ በቴፒ ዙሪያ የየኪ ገበሬ እርድና ቁንዶ በርበሬ ያመርታል። ሁሉም በጥሬው ተወቅጦ ይጨመርና መጠጡ ተጠልሎ በቅል ይቀዳል። ስኳር የለውም። ይህን አስምሩልኝ፤ የስኳር ሕመም ላለባቸው ዘመዶቻችን ሦስት ማንኪያ ስኳር ከምናሟሟበት ሻይ ይልቅ ይሻላቸዋል።

ጨሞ የሚጠጣው ብቻውን አይደለም። ጎህ ሲቀድ ወደ እርሻ ከመሄድ በፊት፣ ወይም ማታ ከሥራ ሲገባ፣ ከተቀቀለ ጎደሬ፣ ከቦዬ፣ ከቆጮ ወይም ከበቆሎ ጋር ይቀርባል። ለብቻ አፍልቶ ለብቻ መጠጣትም ነውር ነው። ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት እየተባለ ጎረቤት ይጠራራል። ማን እንደታመመ፣ የማን ምጥ እንደመጣ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ የሚሰማው እዚያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንደር ለመንደር መዞር ከመጀመራቸው በፊት የክትባት ቀን ማስታወስ ስፈልግ መልእክቴን የምልከው ጨሞ ወደተጣደበት ቤት ነበር። በማግስቱ ሰምቶ ያልመጣ አይኖርም። እውነቱን ለመናገር ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቶልኛል።

ለምን ቅጠሉ ተመረጠ ብለው የሚጠይቁ አሉ። መልሱ ያለው ከገበሬው ኪስ ነው። ቀዩ ፍሬ በዓመት አንድ ወቅት፣ በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የግብርና የብድር ክፍያ ከእሱ ይጠበቃል። ቅጠሉ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ሻጭም ገዢም የለውም። ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት ሆነ። በኢንዶኔዥያ የሱማትራ ደሴት የሚኖሩት ሚናንግካባዎችም ካዋ ዳውን የሚሉትን የቡና ቅጠል መጠጥ ይጠጣሉ፤ ሲተርኩት በደች ቅኝ ግዛት ዘመን ፍሬው ለገዢዎች መግባት ስለነበረበት ሕዝቡ በቅጠሉ ተጽናና ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ቅጠሉ የችግር ምልክት ብቻ አይደለም። ሀብታሙም ይጠጣዋል፣ ቅመሙም የድሃ ቅመም አይደለም። የሚያሳዝነኝ፣ ከተማ የገባው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ጨሞውን ደብቆ ጀበና መጣዱ ነው።

ውጭ ያለው ዓለም ግን እየነቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2012 ዓ.ም. የቡና ቅጠል መጠጥን ከሌላ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ ብሎ መዝግቦ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል። የጌሻን ቡና ነገር የሚያውቅ አይደነቅም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች የተወሰደው ዘር ዞሮ ዞሮ ፓናማ ደረሰና፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ በተካሄደ ውድድርና ጨረታ ዓለምን ጉድ አሰኘ። እዚህ የጌሻ ስም የአንድ ወረዳ ስም ብቻ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

ወደ ጤናው ልምጣ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናውን። ውሃው ተንተክትኮ ስለሚፈላ ጨሞ የሚጠጣ ቤተሰብ በዚያ ሰዓት የወንዝ ወይም የምንጭ ጥሬ ውሃ አይጠጣም። ታይፎይድና ጃርዲያ በበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታዲያ ቢበዛ ይሻላል ብሎ፣ ወይም ቶሎ ይብረድ ብሎ የተፈላውን ጨሞ በጥሬ ውሃ የሚያቀጥን ሰው ያን ሁሉ ጥቅም በአንድ ኩባያ ውሃ ያጠፋዋል።

ትልቁ ጭንቀቴ ደም ማነስ ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዙትና ሰውነት እንዳይመጠው ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሶታል፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ጎድቷል። የቡና ቅጠልም ከእነዚሁ ንጥረ ነገሮች አለው። በዚህ ላይ የእኛ ገበታ ጎደሬ፣ ጎመንና በቆሎ ነው። ከሥጋ የሚገኘው ብረት ይህን ያህል አይያዝም፤ ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ግን በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ጨሞን ከጎደሬ ጋር የሚያቀርበው ልማድ ለጎልማሳ ወንድ ላያስቸግር ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና የወር አበባ ለምታይ ልጃገረድ ግን ሰዓቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አይረን የሚባለውን የነፍሰ ጡር ክኒን በጨሞ መዋጥ ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ክኒኑ ሆድ ያስጨንቃል፣ ጨሞው ደግሞ ምሬቱን ያጠፋል። ጤና ጣቢያው የሰጣትን ብረት በአንድ ቅል መጠጥ መልሳ ታስወጣዋለች ማለት ነው። በነፍሰ ጡር እናቶች ስብሰባ ላይ ቡና እየተቀዳ ስለ ደም ማነስ ሲወራ ስሰማም ፈገግ እላለሁ። ቡናው ይቅር አላልኩም፣ ስብሰባውን የሚያደምቀው እሱ ነው፤ ክኒኑ ግን ማታ ሲተኙ በንጹሕ ውሃ ይዋጥ። ሚዛን ላይ ብርቱካንና ፓፓያ ሞልቷል። ከምግብ ጋር አንድ ብርቱካን መብላት ብረቱን ለመመጠጥ ያግዛል፤ ጨሞው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ካልሆነም ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ይጠጣ።

ሁለተኛው ካፌይን ነው። ከተቆላው ፍሬ ያነሰ ቢሆንም በቅጠሉም ውስጥ አለ፤ ለጋ ቅጠል ደግሞ ከበሰለው ይበልጣል። ጠዋት ጨሞ ሳይጠጣ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ከቀትር በኋላ ራሱን የሚይዘው የዕለቱ ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ ምክንያቱም የፅንስ መጥፋትና ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ሥጋት አለ። ጠዋት ጨሞ፣ ቀን ከአቦል እስከ በረካ፣ ማታ እንደገና ጨሞ ከሆነ ተደምሮ ብዙ ነው። ነፍሰ ጡሯ ከጎረቤት ጉባኤ አትቅር፤ በበሰለ ቅጠል ቀጠን ተደርጎ የተፈላ አንድ ቅል ትያዝና ትጫወት። ጤና አዳም ግን ከእሷ ድስት ይውጣ፤ በብዛት ሲገባ ማኅፀን እንዲኮማተር ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ወደ አያቶች። እስከ ስድስት ወር ለሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይሰጥም፤ ስለዚህ ለጉንፋን እየተባለ በጣት የሚላሰው ጨሞ ይቅር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ልጅ ሆዱ ትንሽ ናት፤ በመጠጥ ከሞላች ገንፎውን አይበላም፣ የበላውም ብረት አይጠቅመውም፣ ሚጥሚጣውም አለ። በዚህ ዕድሜ ከልጃችሁና ከምራታችሁ ጋር ልስማማ ነው፤ አይሰጠው። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን በእረፍት ቀን አያቱ ጭን ሥር ተቀምጦ ከቅሉ ሁለት ጊዜ ቢጎነጭ ጠብ የሚያስነሳ ነገር አይታየኝም። ምሳው ላይ አይሁን፣ ማታም እንቅልፉን እንዳይነሳው።

ለልጅ ከጨሞው ይልቅ ምድጃው ያስፈራኛል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚፈላ ድስት፣ ዙሪያውን የተቀመጠ ሰው፣ መሀል የሚድኽ ሕፃን። ካከምኳቸው የልጆች ቃጠሎዎች ብዙዎቹ የእሳት አልነበሩም፣ የፈላ ውሃ ነበሩ። ጨሞ ሲጠለል ሕፃኑን አንድ ሰው ይያዘው። ጭሱም እንደዚሁ ነው፤ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ በየጠዋቱ ጭስ የሚምግ ልጅ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ምድጃው ከመኝታ ቤቱ ውጭ ቢሆን ብዙ ይቀላል።

ለእኛ ለአረጋውያን ሁለት ነገር ልበል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው የሌለበት ይቀዳለት፤ ዝንጅብሉና ኮረሪማው ጣዕሙን ይሸፍናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛውም ቢሆን በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም ወጡን ጨምሮ ነው። ጨው የሚጠቀም ቤትም አዮዲን ያለውን ይግዛ፤ በዚህ በደጋማው አገር እንቅርት ያየነው ሁላችን ምክንያቱን እናውቃለን። ጨው አብሮ ሲፈላ አዮዲኑ ስለሚቀንስ ድስቱ ከወረደ በኋላ ይጨመር። ሌላው ትኩስነቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2008 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል፤ ጥፋቱ የትኩሳቱ እንጂ የቡናው አይደለም። እየተቃጠለ ካልጠጣሁ አልረካም የሚል ሽማግሌ በየቤቱ አለ። ቅሉን ይዞ ትንሽ ይጫወት፣ ይቀዘቅዛል።

ከተማ ላሉ ልጆቻችሁ ቅጠል መላክ ለምትፈልጉ፦ መድኃኒት ከሚረጭበት እርሻ አትልቀሙ፤ የጓሮ ቡና ይበቃል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ልቀሙት፤ እጠቡት፣ ውሃውን አራግፉት፤ ምጣድ ላይ ለብ ለብ አድርጋችሁ በጥላ ስፍራ ስፍ ላይ በስሱ አስጡት። በእጅ ሲያዝ የሚንኮሻኮሽ ካልሆነ አልደረቀም። በፌስታል አትቋጥሩት፣ ያልባል፣ ይሻግታል፤ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ቅመሙን ለየብቻ ጠቅልሉት፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ጤና አዳሙን አስቀሩት።